የምድጃ ጢስና የማብሰያ ጋዝ በቀጨኔ



በዚህ እትም ለትምህርት የመረጥነው ርእስ ምድጃ ነው። ይህ ከሐዋርያዊ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። ነገር ግን ቤት ለመባረክ ወይም ለታመመ ሰው ቅዱስ ቊርባን ለማድረስ በቀጨኔ ጠባብ መንገዶች የሚሄድ ካህን፥ በሩ ተከፍቶ የቤተ ሰቡን ፊት ከማየቱ በፊት የሚቀበለው ጢስ ነው። የቤቱ እናት ከውስጥ ሆነው «ይግቡ አባ፤ ጢሱ እንዳይጎዳዎት ግን በሩ አጠገብ ይቀመጡ» ይላሉ። እርሳቸው ከዚያ ጢስ ጋር አርባ ዓመት ኖረዋል። ለእንግዳው ለግማሽ ሰዓት የታሰበለት ነገር ለእመቤቲቱ ዕድሜ ልክ አልታሰበላትም። ይህን ጽሑፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

ቀጨኔ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር መሆኑ የታወቀ ነው። ከነባር ነዋሪዎቹ ብዙዎቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም ወዲህ ከሰሜን ሸዋና ከሌሎች አገሮች መጥተው የሠፈሩ ሸማኔዎች፥ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። የአዲስ አበባ ሰው እንጀራውን የሚጋግርበት ምጣድ፥ ቡናውን የሚያፈላበት ጀበና፥ ዶሮውን የሚሠራበት የሸክላ ድስት ከእነዚህ እናቶች እጅ ሲወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። ይህን ያህል ያገለገለውን ሕዝብ ከተማው በምን ዓይነት ስም ሲጠራው እንደ ኖረ አንባቢ ያውቃል፤ እኛ እዚህ አንደግመውም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ እጅ ባለሙያዎች ሲናገር፥ የእሳቱ ወላፈን የአንጥረኛውን ሥጋ እንደሚያከሳ፥ ሸክላ ሠሪውም በሥራው ላይ ተጎንብሶ እንደሚውል ካስታወሰ በኋላ፥ ያለ እነዚህ ሰዎች ከተማ ሊኖር እንደማይችል ያስተምራል። የሲራክ ቃል በቀጨኔ እንደ ዜና ይነበባል። ለከተማው የማብሰያ ዕቃ የሚሠሩት እናቶች ራሳቸው በከተማው ውስጥ በባሰው ምድጃ ከሚያበስሉት መካከል ናቸውና።

ከማገዶው ታሪክ እንነሣ። አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር ዙሪያዋ ያለው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመመናመኑ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከ ማሰብና ሥራውንም እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማውን በስፍራው ያቆየው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ የዚህች ከተማ ዕጣ ከመጀመሪያው በማገዶ የተወሰነ ነበር ማለት ይቻላል። የዛፉን ፍሬ ግን በትከሻቸው ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ከእንጦጦ በቀጨኔና በሽሮ ሜዳ በኩል፥ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፥ ወገባቸው እስከ ጉልበታቸው ተጎንብሶ የሚወርዱትን እናቶችና ልጃገረዶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በእነዚህ ሴቶች ኑሮ ላይ ጥናት ካደረገ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ተቋቁሞ አባላቱ በሽመናና በመሰል ሥራ እንዲተዳደሩ ተደርጓል። መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ተሸካሚዋ ሥራ ብትለውጥም እንጨቱን የሚገዛው ምድጃ ካልተለወጠ፥ ሌላ ሴት በቦታዋ መተካቷ አይቀርም።

ጢሱ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በአጭሩ እናስረዳ። እንጨት፥ ቅጠልና ኩበት በክፍት ምድጃ ሲነድዱ በሙሉ አይቃጠሉም። ያልተቃጠለው ክፍል በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ብናኞች ሆኖ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይዘልቃል። ከዚያም የሕፃናት የሳንባ ምች፥ የአዋቂዎች ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፥ የልብና የደም ሥር ሕመም፥ የዓይን ሞራም ይከተላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞቱት 3.2 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ምድጃ አጠገብ የሚውል ሕፃን እናቱ የምትተነፍሰውን ሁሉ ይተነፍሳል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ጋራ ቤታችን በጻፉት ላውዳቶ ሲ በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት አንቀጽ 20 ላይ፥ ለማብሰያና ለማሞቂያ ከሚነድድ ነገር የሚወጣው ጢስ ሰዎችን እንደሚያሳምም ለይተው ጠቅሰዋል። በዚያ ታላቅ መልእክት ውስጥ የድኻ ወጥ ቤት መነሣቱ ለብዙዎቻችን አስገራሚ ነበር።

ከሰል ጢስ የለውም ተብሎ እንደ ንጹሕ ይቈጠራል። ይህ ስሕተት ነው፤ ሰውም ገድሏል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው፥ በክረምት ብርዱን ፈርተው ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብተው በሩን የዘጉ ቤተ ሰቦች በማግስቱ ሳይነቁ ቀርተዋል። አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህ አይረሳ። ማንደጃ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ። በቀጨኔ አንዲትን እናት ስለ «ጋዝ» ብንጠይቃት መጀመሪያ የሚታሰባት ነጭ ጋዝ፥ ማለት ላምባ ነው። በ2001 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን አንሥቶ የላምባ ዋጋ እስኪወደድ ድረስ፥ ብዙ የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ የላምባ ምድጃውን ነበር የሚጠቀመው። ዋጋው ሲወደድ ጥቂቱ ወደ ኤሌክትሪክ፥ ብዙው ወደ ከሰል ተመለሰ። የምንነጋገርበት ጋዝ ግን ሌላ ነው። እርሱም በተለምዶ ቡታ ጋዝ የምንለው፥ ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ጋዞች ቅልቅል ነው። በመጠኑ ሲጨመቅ ፈሳሽ ስለሚሆን በብረት ሲሊንደር ሊታሸግ ይችላል። ሲከፈት ጋዝ ሆኖ ይወጣና በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። ጥቀርሻ የለውም፤ ብናኙም እጅግ ጥቂት ነው።

የአንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ ሙቀት 46 ሜጋጁል ያህል ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ድስቱን ያገኛል። የአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሙቀት ግን 16 ሜጋጁል ያህል ነው፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ከዚህ ድስቱ የሚያገኘው ከስድስት እጅ አንዱን ቢሆን ነው፤ የቀረው ሜዳ ላይ ይበተናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጋዝ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ኪሎ እንጨት ይተካል ማለት ነው። ከሰልም ቢሆን፥ አንድ ኪሎው በአፈር ጉድጓድ ሲከሰል አምስትና ስድስት ኪሎ እንጨት ይፈጃል። በዚህ ሒሳብ የአንድ ወር ወጪ ቢደመር፥ ከሰል ከጋዝ የማይረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ታዲያ ድኻው ለምን ውዱን ይገዛል?

መልሱን የተማርነው በራሳችን ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት ቁምስና፥ ከበጎ አድራጊዎች በተገኘ ገንዘብ ለጥቂት ቤተ ሰቦች ምድጃና የተሞላ ሲሊንደር ገዝተን አደልን። ጸሎት ተደረገ፤ ፎቶ ግራፍ ተነሣ። ከጥቂት ወራት በኋላ እነዚያን ቤቶች ስንጎበኝ ከሰሉ ወደ ቦታው ተመልሶ አገኘነው። በአንዱ ቤት ሲሊንደሩ ታጥቦ፥ በዳንቴል ተሸፍኖ፥ የሬድዮ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። በልባችን ያጉረመረምነውን እዚህ መናዘዝ ይገባናል፤ ስጦታውን ያላከበሩት መስሎን ነበርና። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ግን ነገሩን አስረዱን። ከሰል በፌስታል እንደሚሸጥላቸው፥ ጋዝ ግን በፌስታል እንደማይሸጥ ነገሩን። ጀበና ሲሸጥ ከሰል ይገዛል፤ ካልተሸጠም ጎረቤት ያበድራል። 12 ኪሎ ተኩል ጋዝ ለማስሞላት የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን በአንድ ቀን ከእጃቸው ላይ ተሰብስቦ አያውቅም። ባዶውን ሲሊንደር ተሸክሞ መኪና ወደሚገባበት መንገድ ማውጣትም ለእርሳቸው ሌላ ሸክም ነው። ከዚያም ደርሰው «ጋዝ አልገባም» ሊባሉ ይችላሉ። እኛ የሰጠናቸው ዕቃ ነበር። ያጣነው የገንዘባቸውን አመጣጥ መረዳት ነው፤ የዕለት ገቢ ያለው ሰው የወር ዕቃ አይገዛም።

በእርግጥ ይህን የተማርን እኛ ብቻ አይደለንም። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ኡጅዋላ በተባለው መርሐ ግብር ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ የድኻ ቤት እመቤቶች የጋዝ አገልግሎት አስገብቷል። በዓለም ላይ ከታዩት የዚህ ዓይነት ሥራዎች የሚተካከለው የለም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ሲሊንደር በኋላ እጅግ ጥቂት ጊዜ ብቻ ማስሞላታቸው ስለ ታየ፥ መንግሥት ለሚሞላው ጋዝም ድጎማ ወደ መስጠት ሄደ። በኬንያና በታንዛንያ ደግሞ ሲሊንደሩ ላይ ቆጣሪ ተገጥሞ፥ ባለቤቲቱ በእጅ ስልኳ የዛሬውን ያህል ብቻ እየከፈለች የምታበስልበት መንገድ ተጀምሯል። ይህ ጋዝን በፌስታል መሸጥ አይደለምን? የቀጨኔዋ እናት ሐሳብ ሌላ አገር ላይ ሥራ ላይ ውሎ አገኘነው።

በአገራችንም የተሞከረ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ፕሮጀክት ጋያ የተባለው ድርጅት በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ የሚወጣውን ኢታኖል የሚያነድድ ምድጃ በአዲስ አበባ ቤቶች አስሞክሮ ነበር፤ የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበርም በኋላ የዚህ ሥራ ተካፋይ ሆኗል። ምድጃው ጢስ የለውም፤ ነዳጁም ከገዛ አገራችን የሚገኝ ነው። ግን በ2001 ዓ.ም. ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ ለመኪና ማደል ተጀመረ፤ ያንኑ ጥቂት ኢታኖል መኪናና ምድጃ ይሻሙት ጀመር። በእንዲህ ያለ ሽሚያ ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ ለመገመት ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ጋዙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ተገቢ ነው። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራውን እስኪያቆም ድረስ ጥቂት ቡታ ጋዝ ከዚያ ይገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ እየተገዛ ስለሆነ፥ ምንዛሪ ሲጠፋ እርሱም ይጠፋል። በመስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲመረቅ፥ ከምእመናን መካከል «እንግዲህ ጋዝ ረከሰ» ያሉን ነበሩ። መታወቅ ያለበት ግን ያ ጋዝ በብዛት ሚቴን መሆኑ ነው። ሚቴን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነውና እንደ ቡታ ጋዝ በወጥ ቤት ሲሊንደር አይታሸግም። ለቀጨኔ ወጥ ቤት እንዲበቃ በቧንቧ መምጣት፥ ወይም ከእርሱ ጋር የሚወጡት ፕሮፔንና ቡቴን ተለይተው መታሸግ አለባቸው። ተስፋው አለ፤ ግን ዛሬ ለምሳ አይደርስም።

አንድ ሌላ ነገር፥ ከውጭ አገር የሚመጡ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት፥ እንጀራ ነው። የጋዝ ምድጃ ለወጥ፥ ለሽሮ፥ ለቡና መልካም ነው። ዙሪያው ሰፊ የሆነውን የሸክላ ምጣድ ግን ትንሹ የጋዝ ዓይን መሐሉን ብቻ ያግላል፤ እንጀራው መሐሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ምጣዱ ዳር እስከ ዳር 200 ዲግሪ ያህል መጋል አለበት። ከቤተ ሰብ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ ይኸው ጋገራ ነው። ስለዚህ ለከተማ ቤት የሚስማማው ወጡን በጋዝ፥ እንጀራውን በኤሌክትሪክ መሥራት ነው ብለን እናምናለን። የኤሌክትሪክ ምጣዱም ቢሆን ሸክላ ነው፤ ሽቦው የሚቀበርበትን ጎድጓዳ መስመር ከሥሩ እየቦረቦሩ የሚሠሩት እነዚሁ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው።

ኤሌክትሪኩ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ደስታችን ከሁሉም ጋር ነው። በቀጨኔ አንድ ግቢ ውስጥ ግን ሦስትና አራት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቊጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ እንዲጨምር ሆኖ የተሠራ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው የመጀመሪያው እርከን ድኻውን ለመጥቀም ታስቦ የረከሰ ነው። አሁን እናስላ። 3 ኪሎዋት ተኩል የሚስብ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ በወር ከ40 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለአንድ ቤተ ሰብ ከርካሹ እርከን ብዙም አያልፍም። የአራት ቤተ ሰብ ምጣድ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን ሒሳቡ በውዱ እርከን ይታሰባል። ለድኻ የታሰበውን ቅናሽ ብቻውን ቆጣሪ ያለው ይጠቀምበታል፤ አራት ሆነው የሚካፈሉት ያጡታል። ሕጉን ያወጣው አካል ይህን አስቦ እንዳላደረገው እናምናለን፤ ቢታረም ግን ብዙ የገንዘብ እርዳታ የማይሠራውን ይሠራል።

ጋዝ ለሚያስገቡ ቤቶች ጥቂት ጥንቃቄ እንንገር። ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይተንንም፤ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም፤ በሩ ከሥሩ ይከፈት። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፤ የምናሸተው መጥፎ ሽታ ለማስጠንቀቂያ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነውና ሲሸት ክብሪት መጫር፥ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም። መቆጣጠሪያውን ዘግቶ መውጣት ነው። ጎማው ላይ የሳሙና አረፋ ቢቀቡት የሚያፈተልክበት ቦታ አረፋውን ያስነሣል፤ በክብሪት ፈልጎ ያገኘ ሰው ግን አይተርፍም። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ፤ ቢቻል ከቤት ውጭ ይሁን።

ከውድቀታችን በኋላ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው፤ እርሱም ከእኛ የመጣ አይደለም። እናቶቹ ቀድሞ የነበራቸውን ዕቁብ ለሁለት ከፈሉት። አንዱ እንደ ወትሮው ቀረ፤ ሁለተኛው ጋዝ ማስሞያ ብቻ ሆነ። ትልቁን ሲሊንደር ትተው አንዲት ሴት ብቻዋን የምትሸከመውን ባለ 3 ኪሎውን መረጡ። በየቀኑ ከከሰሉ የሚተርፈው ሳንቲም ለሰብሳቢዋ ይሰጣል፤ ዕጣ የወጣላት ሲሊንደሯን ታስሞላለች፤ አንድ ወጣትም ባዶዎቹን ሰብስቦ በጋሪ ይወስዳል። ቁምስናው የሰጠው መነሻ የሚሆን ተጠባባቂ ሲሊንደር ብቻ ነው፤ ጋዝ ሲጠፋም ከሰል መግዛታቸው አልቀረም። ቢሆንም ሬድዮው ከሲሊንደሩ ላይ ወርዷል።

ያልፈታነው ነገር ሸክላው የሚተኮስበት ሜዳ ነው። በንጹሕ ማብሰያ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በፓሪስ ለአፍሪካ በተደረገው ጉባኤ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገብቷል፤ የሚቈጠረው ግን የወጥ ቤት ምድጃ ነው። የቀጨኔ እናት ከወጥ ቤቷ ወጥታ ምጣድና ጀበናውን ሜዳ ላይ ከምራ፥ በጭራሮ፥ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ስትተኩስ የምትተነፍሰው ጢስ በየትኛው መዝገብ ይግባ? ጢስ ማውጫ ያለው የጡብ እቶን ማገዶ ይቆጥባል፤ የጋዝ እቶንም አለ፤ ዋጋው ግን ከአንዲት ሴት አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ነገር ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ስንነጋገር አንዲቱ አንድ ጥያቄ አቀረበችልን፤ ገዢው የሚፈልገው ጥቁር ጀበና ነው፤ ጀበናውን የሚያጠቁረው ደግሞ ጢሱ ራሱ ነው፤ ጢስ የሌለው እሳት ጀበናዬን በምን ያጠቁርልኛል አለችን። እቶኑ ከተኮሰው በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በቅጠል ቢታፈን ይሆን እንደ ሆነ ሊሞክሩት ተስማምተዋል።